የጉርምስና ዓመታት ማዕድ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው የወላጅ ስጋት መልኩን ይቀይራል። የሕፃንነት ክትባቱ አልቋል፣ ተቅማጡና ትኩሳቱ ጋብ ብሏል፣ ከእንግዲህ የሚያሳስበው የፈተና ውጤት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘነው ገና በጀርባ ሲታዘል ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ ሰውነት እንደ ጉርምስና ዘመን የሚፈጥንበት ሌላ ጊዜ የለም። አንድ ሰው አዋቂ ሆኖ ከሚኖረው ቁመት ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሚሆነው፣ ከክብደቱም ግማሽ የሚጠጋው የሚጨመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። አጥንት ለዕድሜ ልክ የሚያጠራቅመው ማዕድን ትልቁ ድርሻም የሚገባው በዚሁ ጊዜ ነው።

ችግሩ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። ዋናው የዕድገት ሩጫ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይቆያል፤ የሚጀምርበት ዕድሜም ከልጅ ልጅ ይለያያል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ያ ዓመት መምጣቱን ቤት ውስጥ ለክቶ ማወቅ፣ ሲመጣ ደግሞ ድስቱን ከእሱ ጋር ማስተካከል። ውድ ነገር መግዛት አይጠይቅም። «ቁመት ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ክኒንና ሽሮፕ ካያችሁ እለፉት፤ ገንዘቡ ለእንቁላል ቢውል ይሻላል።

እኛ ዘንድ የከሳ ወይም ያጠረ ልጅ ሲታይ «አብሽር፣ ይረዝማል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ማጽናናቱ ግን ከተለካ በኋላ ይሁን። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው አገራዊ የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 ከመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ጉርምስና ላይ የሚደርሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በሕፃንነት የጎደለው ሁሉ በጉርምስና አይካስም፤ የሚካስ ነገር ካለ ግን አሁን ነው።

ደረጃ 1፦ ዕድሜውን ከነወሩ ያዙ

«አሥራ ሁለት ሳይሆነው አይቀርም» አይሠራም። በዚህ ዕድሜ ስድስት ወር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የክትባት ካርዱን ወይም የልደት ምስክር ወረቀቱን አውጡና በራሳችን አቆጣጠር ቁጠሩ፤ ጥር 2005 የተወለደች ልጅ ኅዳር 2018 ላይ 12 ዓመት ከ10 ወሯ ነው። ካርዱ ከጠፋ በበዓል አስታውሱ። በረመዳን የምታስታውሱ ከሆነ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አትዘንጉ። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ተብሎ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ዕድሜ ካለም ልኬቱን በምትመዘግቡበት ደብተር ላይ እውነተኛውን ጻፉ፤ ደብተሩን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 2፦ ቁመትን በትክክል ለኩ

ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስለው፣ ብዙዎች ግን የሚሳሳቱበት ክፍል ይህ ነው። በግድግዳ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር በየቤቱ አለ፤ ልጁ ጫማ አድርጎ፣ ተንጠራርቶ፣ የተለካው በመዳፍ ተገምቶ።

ከታች ዞኮሎ የሌለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ወይም የበር መቃን ምረጡ። ዞኮሎ ካለ ተረከዝ ከግድግዳው ስለሚርቅ ልኩ ይበላሻል። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ከእግር በታች ጠፍጣፋ ሳንቃ አድርጉና ከሳንቃው ላይ ለኩ። መለኪያው የአናጢ ብረት ሜትር ይሁን፤ የልብስ ሰፊ ሜትር በጊዜ ብዛት ይለጠጣል።

ጫማና ካልሲ ይውለቅ። ሴት ልጅ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ካሰረች ወይም ሹሩባው አናቷ ላይ ከተቋጠረ ይፈታ፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚዋሸው እሱ ነው። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻና የራስ ቅል ጀርባ ግድግዳውን ይንኩ። ልጁ ፊት ለፊት ይመልከት እንጂ አገጩን ወደ ላይ አያቅና። አየር ስቦ እንዲቆይ ንገሩት፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንዱን ጎኑን ከግድግዳው አስደግፋችሁ አናቱ ላይ ጫን አድርጉ፤ ከመጽሐፉ ሥር በቀጭን እርሳስ ምልክት አድርጉ። ልጁ ይውጣ፤ ከወለል እስከ ምልክቱ ለኩና እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ጻፉ። ወዲያው ድገሙት። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ለሦስተኛ ጊዜ ለኩ።

ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። ቀኑን ሙሉ የቆመና የተራመደ ሰው ማታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ሊገኝ ይችላል። በየሦስት ወሩ ይበቃል፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ ብላችሁ ወስኑ። በየወሩ መለካት ትርፉ ጭንቀት ነው፤ የመለኪያው ስህተት ከዕድገቱ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ክብደትና ምጣኔ

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችም ሆኑ መድኃኒት ቤት ያለው ሚዛን ይበቃል፤ ዋናው ሁልጊዜ ያው ሚዛን መሆኑ ነው። ጃኬትና ጫማ ይውለቅ፣ ከኪስ ስልክ ይውጣ። ከዚያ ክብደቱን በኪሎ ግራም ወስዳችሁ ቁመቱ በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው አካፍሉት። ለምሳሌ 36 ኪሎ የምትመዝንና 1.50 ሜትር የሆነች የ13 ዓመት ልጅ፦ 1.50 ሲባዛ በ1.50 ይሆናል 2.25፤ 36 ለ2.25 ሲካፈል 16።

ይህን ቁጥር በአዋቂ ልኬት አታንብቡት። ለአዋቂ ከ18.5 በታች ቀጭን ይባላል፤ በዚያ ሚዛን የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ሕመምተኛ ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ማጣቀሻ መሠረት በ12 ዓመት ከ14.5 ገደማ፣ በ13 ከ15 ገደማ፣ በ15 ደግሞ ከ16 ገደማ በታች ሲሆን ነው ልጁ ከስቷል የሚባለው። ስለዚህ ያቺ ልጅ ቀጠን ብትልም ደህና ናት። በሌላው ወገን በ15 ዓመት ለሴት ከ23.5፣ ለወንድ ከ22.7 በላይ ከሆነ ክብደቱ በዝቷል። በፒያሳ አካባቢ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ከእጁ የማይለይ ልጅም እየበዛ ስለሆነ ይህንን በቀልድ አትለፉት።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ማንበብ

በዚያው ማጣቀሻ የመካከለኛ ልጅ ቁመት በ10 ዓመት ለሴት 139፣ ለወንድ 138 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ12 ዓመት ሴቷ 151 ስትደርስ ወንዱ 149 ላይ ነው። በ14 ዓመት ግን ወንዱ 163፣ ሴቷ 160 ይሆናሉ። በ12 ዓመታቸው እህት ከመንታ ወንድሟ መብለጧ እንግዲህ ተፈጥሮ ነው። የመቀንጨር መስመሩ በ10 ዓመት ለሁለቱም 125 አካባቢ፣ በ12 ዓመት ለሴት 137 ለወንድ 135 አካባቢ፣ በ14 ዓመት ለሴት 146 ለወንድ 148 አካባቢ ነው።

ከመስመሩ በታች የሆነ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። የእናትና የአባቱን ቁመት ደምሩ፤ ለወንድ 13 ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ፤ ለሁለት አካፍሉ። የሚጠበቀው የአዋቂነት ቁመት ከዚህ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በእኛ አገር ግን ይህ ስሌት አንድ እንከን አለበት። ወላጆቹ ራሳቸው በ77 ድርቅ ወይም ከዚያ በኋላ በነበረው ችጋር ያደጉ ከሆነ ቁመታቸው ዘራቸውን ብቻ አይናገርም። ስለዚህ «እኛም አጭር ነን» ብላችሁ አትዝጉት።

ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ወደ እሱ እንሂድ።

ደረጃ 5፦ ዓመቱ መምጣቱን ማወቅ

ከጉርምስና በፊት ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ በሦስት ወር አንድ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ የሦስት ወሩ ጭማሪ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲያልፍና በቀጣዩ ልኬትም ሲደገም ሩጫው ተጀምሯል። በከፍተኛው ጫፍ ሴት በዓመት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ትጨምራለች፣ ወንድ ደግሞ ዘጠኝ እስከ አሥር ይጨምራል።

ሜትሩን የሚቀድም ምልክትም አለ፦ ጫማ። እግርና እጅ ከሌላው አካል ቀድመው ያድጋሉ። መስከረም ላይ የተገዛው ጫማ ጥር ሳይወጣ ከጠበበ በጫማ ሻጩ አታማሩ፤ ልጁን ለኩት።

በሴት ልጅ ጡት ማጎጥጎጥ ሲጀምር ሩጫውም አብሮ ይጀምራል፤ ጫፉ 12 ዓመት አካባቢ ነው። የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣው ጫፉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚቀራት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ እናቶች «አሁን ሴት ሆነች፣ በደንብ ትብላ» የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ መታየት ያለበት ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ነበር። ወንድ ልጅ ከሴት ሁለት ዓመት ያህል ይዘገያል፣ ጫፉ 14 ዓመት አካባቢ ነው፣ የድምፁ መጎርነንም ከዚያው ጋር ይቀራረባል።

ምግብ ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ ሲጀምር ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል። በ15 ዓመቱ ድምፁ ያልጎረነነና ከክፍል ጓደኞቹ ትከሻ በታች የሆነ ልጅ ጊዜው አልፎበት ላይሆን ይችላል። ገና አልደረሰም ይሆናል። ተስፋ ቆርጦ ማዕዱን መተው ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እንዲህ ባለው ልጅ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ድስቱን ማስተካከል

ወሎ 66ን እና 77ን ያየ አገር ነው። አያቶቻችን ልጅ ጠገበ የሚሉት ሆዱ ሲሞላ መሆኑ አይፈረድባቸውም። የዛሬው ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ የእንጀራው ቁጥር ላይ ሳይሆን ከእንጀራው ጋር በሚመጣው ነገር ላይ ነው። አራት እንጀራ በቀጭን ሽሮ የሚበላ ልጅ ይጠግባል፤ አጥንቱና ደሙ ግን ይራባሉ።

ብረት። ወንድ ጡንቻ ሲገነባ፣ ሴት ደግሞ የወር አበባ ሲጀምራት የብረት ፍላጎታቸው ይዘላል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሴት በቀን 15፣ ለወንድ 11 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ እንደ እኛ በእህልና በጥራጥሬ ለሚኖር ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። «ጤፍ ብረት አለው» የሚለው እውነት ነው፤ ችግሩ ያለው ወደ ደም የሚገባው ላይ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ይህን የሚፈቱ መንገዶች ሁሉ በጓዳችሁ አሉ።

አንደኛው ማብኳት ነው። በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በችኮላ ተጋግሮ የሚሸጥ እንጀራ ይህን አያገኝም። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ የቀይ ማሽላ እንጀራ የሚዘወተርበት ቤት የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ቀዩ ማሽላ ብረት የሚይዝ ተጨማሪ ነገር አለበት፣ ከነጭ ማሽላ ወይም ከጤፍ ጋር ቢደባለቅ ይመረጣል። ባቄላና ሽምብራን ማታ ነክሮ ውሃውን መድፋት፣ ከተቻለም ማብቀል ያው ጥቅም አለው። በቆልት የጾም ቀን ምግብ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ለጎረምሳ ከእሱ የተሻለ ርካሽ ነገር ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሎሚ ነው። ቫይታሚን ሲ የእህልና የጥራጥሬን ብረት ወደ ደም ያስገባል፤ ነገር ግን በአንድ ማዕድ አብሮ ሲበላ ነው። ምስር ወጡ ላይ ግማሽ ሎሚ ጭመቁ፣ ከሽሮው ጎን ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አድርጉ፣ ወይም ከምሳው ጋር አንድ ብርቱካን ወይም ቁራሽ ፓፓያ ይብላ። ሎሚውን ከምድጃ ካወረዳችሁ በኋላ ጨምቁት፤ ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል።

ሦስተኛው በጣም የሚከብደው ነው፤ ሻይና ቡና ከምግብ ይለዩ። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊያስቀር ይችላል። በደሴ ብርድ ጠዋት ዳቦ በሻይ የማይበላ ተማሪ የት ይገኛል? ሻዩን አትከልክሉ፤ ጊዜውን ለውጡ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጠጣ፤ ቁርሱ በሞቀ ወተት፣ በአጥሚት ወይም በአብሽ ይሁን። ከምሳ በኋላ ለሚፈላው ቡናም ልጆቹ ቁርሱን ይካፈሉ፣ ስኒው ይቅርባቸው።

ጉበትና ሥጋ ሲገኝ ትንሽም ቢሆን ከጥራጥሬው ጋር ይደባለቅ፤ ሥጋ የራሱን ብረት ከመስጠቱ ሌላ የጥራጥሬውንም ይስባል። ለመላው ቤት በበዓል የሚበላ አንድ ኪሎ ሥጋ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ምንቸት ውስጥ ቢገባ ለጎረምሳው ይሻለዋል። ጥሬ ሥጋ ለዚህ ዕድሜ አይሁን፤ ኮሶ የልጁን ማዕድ ይካፈላል።

ሽሮ። በአብዛኛው ቤት የልጁ ግንባታ የተንጠለጠለው በሽሮ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሽሮው ምን እንደሆነ እወቁ። ከአተርና ከሽምብራ ራሳችሁ አስፈጭታችሁ፣ ከአራት እጅ አንዱን በደንብ የተቆላ አኩሪ አተር ብታደርጉበት ጥሩ ነው። አኩሪ አተር ሳይበስል አይበላም። ወፍራም አድርጋችሁ ሥሩ፤ ለሁለት ሰው አንድ ማንኪያ ሽሮ የተበተነበት ውሃ ወጥ ቢመስልም ወጥ አይደለም። አንድ እጅ ጥራጥሬ ለሁለት ሦስት እጅ እህል ሲሆን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ጓያን በተመለከተ ጠበቅ ብዬ ልናገር። ጓያ ርካሽ ነው፣ ድርቅን ይቋቋማል፣ በሽሮ ውስጥም ተደባልቆ ይሸጣል። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን የእግር ሽባነት ያመጣል፤ ሽባነቱ አይመለስም፣ በብዛት የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። በተለይ ጥሬውን እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ልጅ እንዳይዘወትረው አድርጉ። ነክሮና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለዚህ ነው ያልተፈጨ እህል ገዝቶ ማስፈጨት ከተዘጋጀ ሽሮ የሚሻለው፤ ጓያ ከአተር የሚለየው በዓይን ነውና፣ መጥረቢያ የመሰለ ማዕዘን አለው።

ካልሲየም። ከ9 እስከ 18 ዓመት በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ ከየትኛውም የዕድሜ ክልል ይበልጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። እርጎ፣ አሬራና አይብም ከዚያው ወገን ናቸው፤ አሬራ ቅቤው ቢወጣለትም ካልሲየሙ አልወጣም፣ ዋጋውም ይቀላል። ወተት በማይገኝበት ቤት ጎመን፣ ከነገለባው የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ፣ ጤፍ ራሱ ይደጉማሉ። የሐይቅ ዓሣ ሲመጣ ትንንሹን ቆሮሶ ደረቅ አድርጋችሁ ጥበሱት፣ የሚታኘከው ለስላሳ አጥንት ይበላ። አጥንት ማዕድኑን እንዲይዝ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ በደሴ ጉም ሲገፈፍ ክንድና ፊት ገልጦ ጥቂት ደቂቃ መቆም በቂ ነው።

አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። በክፍት ዕቃ የሚቀመጥና እንደ ድሮው ከሽንኩርቱ ጋር የሚጠበስ ጨው አዮዲኑን ያጣል።

አቀራረብም ከምግቡ እኩል ነው። ሴት ልጅ እንግዳ አስተናግዳ፣ ወንድሞቿን አብልታ፣ ጓዳ ውስጥ የተረፈውን የምትቀምስ ከሆነ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለእሷ አይደርስም። መፍትሔው ምክር አይደለም፤ የእሷን ድርሻ ከምጣዱ እንደወረደ በሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። እንቁላል አንድ ብቻ ካለ ለአባት መሆኑ ይቅር። አባት ማደጉን ጨርሷል።

የአንድ ቀን ቅርጽ ይህን ይመስላል፦ ጠዋት ገንፎ ወይም ቂንጬ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር፤ በፈረቃ የሚማር ከሆነ በኪሱ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከሱፍ ጋር፤ ምሳ እንጀራ በወፍራም ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመንና ሎሚ፤ መክሰስ በሶ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንችና ፍራፍሬ፤ እራት ደግሞ እንጀራ በሌላ ጥራጥሬ፣ ከተገኘ እርጎ። በሩጫው ዓመት ልጁ በአንድ ቁጭታ ሁለት ሰው ያህል ቢበላ አትደንግጡ፣ «ሆዳም» ብላችሁም አታሸማቅቁት።

ደረጃ 7፦ በጾም ጊዜ

በእኛ ከተማ ጾም የግማሹ ጎረቤት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ2017 እና በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው መጥተው በአንድ ግቢ ውስጥ ሁሉም ጿሚ ነበር። ለልጅ ጾምን የሚወስነው ቤተሰቡና የሃይማኖት አባቱ ነው፤ እዚህ የምናገረው ስለ ማዕዱ ብቻ ነው።

የኦርቶዶክስ ጾም ቀኖች በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ። ወተትና እንቁላል ግማሽ ዓመት ከጠፉ በቦታቸው የሚገባው ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ የሰሊጥ ድቁስ፣ ባቄላ በሁሉም ዓይነት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባት እተወዋለሁ። ከዕቃው ይበልጥ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ አንዴ የሚበላ የ13 ዓመት ልጅ የቀኑን ሁሉ ምግብ በአንድ ማዕድ ሊያሟላ አይችልም፤ ከማታ በፊት ሁለተኛ ማዕድ ይጨመርለት።

በረመዳን ደግሞ ሱሁር እንዳያልፍ። ከእንቅልፍ መቀስቀስ ያሳዝናል፤ በሶ በእርጎ፣ እንቁላል ወይም ከማታ የተረፈ ምስር በዳቦ፣ ብዙ ውሃ። ኢፍጣር በቴምርና በሾርባ ይጀመር፤ ሳምቡሳው በምስር ቢሆን ይመረጣል፣ ዋናው እራት ግን እንዳይረሳ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ በእነዚያ ቀናት እንደማትጾም ይታወቃል፤ ሆኖም ከወንድሞቿ አፍራ ተደብቃ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ የምትውል ብዙ ናት። እናቷ ያለ ወሬ የእሷን ምግብ ከድና በክፍሏ ታስቀምጥላት። ደሟ በሚፈስበት ሳምንት መራቧ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

ደረጃ 8፦ ምግቡን የሚሰርቁ

ልጁ በደንብ እየበላ ካልጨመረ ምግቡ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው። የአንጀት ትል መድኃኒት በትምህርት ቤት ሲሰጥ ይዋጥ፤ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንዴ ነው። በወንዝ የሚዋኝ ልጅ ስለ ቢልሃርዚያ ይመርመር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ብትሆንም ወባ ይደርስባታል፤ ተደጋጋሚ ወባ ደም ያሟጥጣል። ጫት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፦ ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍን ይወስዳል፣ ሁለቱም የዕድገት ጓዞች ናቸው። ከ13 ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ በፈተና ሰሞን ጫት የሚቅም ተማሪ ሌሊቱን ያገኘ ይመስለዋል፣ ዓመቱን ግን ያጣል።

የደም ማነስ ምልክቱ ቶሎ መድከም፣ የዓይን ቆብ ውስጥ መንጣትና ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ነው፤ አፈር ወይም ጥሬ ሩዝ መቆርጠም ካማረው ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደሴ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የነዋሪዋ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከተገኘው ቁጥር ላይ ከአንድ ግራም በላይ ተቀንሶ ነው ከመስመሩ ጋር የሚነጻጸረው። ለሴት ልጅ መስመሩ በዴሲ ሊትር 12 ግራም ነው። 12.5 የወጣላት የደሴ ልጅ ወረቀቱ ላይ ደህና ትመስላለች፣ ሲስተካከል ግን ደም አንሷታል። ለኮምቦልቻም ይቀነሳል፣ መጠኑ ግን ያነሰ ነው። ባለሙያው ለከፍታው አስተካክሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የደም ማነስ በተስፋፋበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት የወር አበባ ለጀመሩ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ክኒን እንዲሰጥ ይመክራል። ከተሰጣት ከምግብ በኋላ በውሃ ትዋጠው፣ በሻይ አይሁን። ሰገራ መጥቆሩ የክኒኑ ጠባይ ነው። ክኒኑ ትንንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ለሕፃን መርዝ ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ጤና ጣቢያ መቼ ይኬድ

ከሩጫው በፊት በዓመት ከአራት ሴንቲ ሜትር በታች ያደገ፣ በሁለት ተከታታይ ልኬት ክብደቱ የቀነሰ፣ ወይም በደረጃ 3 ከተጻፈው ምጣኔ በታች የሆነ ልጅ ይታይ። ሴት ልጅ እስከ 13 ዓመቷ ጡቷ ካላጎጠጎጠ፣ እስከ 15 የወር አበባ ካላየች፣ ወንድ ልጅ እስከ 14 ምንም የጉርምስና ለውጥ ካልታየበት ይመርመር። ሴት ከ8፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመሩም እንዲሁ፤ ቀድሞ የጀመረ ቀድሞ ያቆማል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማያባራ ተቅማጥ፣ በአንገት ላይ እብጠት፣ ምሽት ላይ ዓይን መያዝ፣ ከሰባት ቀን በላይ የሚፈስ የወር አበባ ደግሞ ሦስት ወር አይጠበቅባቸውም።

ስትሄዱ ደብተሩን፣ የክትባት ካርዱን፣ የእናትና የአባትን ቁመት፣ ያለፈው ሳምንት ልጁ የበላውን ጽፋችሁ ያዙ። «እህል እምቢ ይላል» ከማለት «ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁርስ የበላው ሁለት ቀን ነው» ማለት ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። ልጁ 14 ወይም 15 ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ከባለሙያው ጋር ብቻውን እንዲነጋገር ፍቀዱለት፤ ስለ ጫቱም ስለ ወር አበባውም እናንተ ፊት የማይናገረው ነገር አለ።